የአሞኒያው ክፍል አፍንጫ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፣ ጠዋት

ቦይለሩ ተነስቷል። እንፋሎቱ ወደ ወተት ማቀዝቀዣው ማሽን እየገባ ነው። ስማ ደብተር፣ አንተ ገና አዲስ ነህ፣ ላስረዳህ። አሞኒያ ውሃ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። በእንፋሎት ስናግለው ከውሃው ይወጣል። ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ ወተቱ በሚቀመጥበት ክፍል ቧንቧ ውስጥ ሲተን የክፍሉን ሙቀት ይመጥጣል። መልሶ ውሃው ውስጥ ይገባል። ሲገባ የሚተፋው ሙቀት የጣሳ ማጠቢያውን ውሃ ያሞቃል። እሳት አስገብቶ ብርድ የሚያወጣ፣ በላዩ ላይ ሙቅ ውሃ የሚመርቅ አራዳ ውስጥ ከእኔ ሌላ ካለ ይምጣና እንተያይ።

ሌላው ሥራዬ ማሽተት ነው። ጠዋት ጠዋት አሞኒያ ያፈስ እንደሆነ ቧንቧውን እየዞርኩ አሸታለሁ። ንጹህ ከሆነ እጄን አነሳለሁ። እጄ ሳይነሳ ወተት ክፍል ማንም አይገባም፣ የፋብሪካው ባለቤትም ቢሆን። ቤቴ አፍንጮ በር ስለሆነ ሠራተኛው የሰፈሩን አፍንጫ ጠቅልሎ ወስዶት ነው ይለኛል። ቅናት ነው።

ማክሰኞ

ትናንት የማታ ት/ቤት ጨረስኩ። ምስክር ወረቀት አለኝ። ፒያሳ ላይ የወርቅ ቤቱን ስም ሁሉ ጮክ ብዬ እያነበብኩ ሄድኩ። አንዱ ዘበኛ ምን ጠፋብህ አለኝ። ዛሬ ደግሞ የማሽን ክፍሉ በር ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። እስከ ዛሬ የሠሪው ስም ይመስለኝ ነበር። «አደገኛ ጋዝ» ነው የሚለው። ብቻዬን ሳቅኩ።

ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ

አሸተትኩ፣ እጄን አነሳሁ፣ ሠራተኞቹ ገቡ። ጣሳ አጣቢያችን እትዬ ዘምዘም ወዲያው ዓይናቸውን ይዘው እየሳሉ ወጡ። አሞኒያ። እኔ ቧንቧው ሥር ቆሜ ምንም አልሸተተኝም። የማሽኑ ኃላፊ ኢ/ር ሳሙኤል ድኝ ውስጥ የተነከረ ክር ለኩሶ ዞረ። ቫልቩ አንገት ላይ ሲደርስ ነጭ ጭስ ተነሳ፤ የድኝ ጭስ አሞኒያ ሲያገኝ ይነጣል። ማሽኑ ቆመ፣ ቫልቩ ጠበቀ። አንተ ካሸተትክ በኋላ የጀመረ ይሆናል አለኝ። አዎ፣ እኔን ፈርቶ እስካልፍ ጠብቆ ነው አልኩ። ተሳቀ። እትዬ ዘምዘም ዓይናቸውን በውሃ እያጠቡ ነበር።

አርብ፣ ማታ

አፍንጫዬን ልፈትን ብዬ ባለቤቴ ሐሊማ ዓይኔን በሻርፕ አሰረችልኝ። ነጭ ሽንኩርት አፍንጫዬ ሥር አቀረበችልኝ። ውሃ አልኩ። ላምባ አቀረበችልኝ። ውሃ አልኩ። የምቀልድ መስሏት ነበር። ሻርፑን ስትፈታው ፊቷ ተለውጧል። ወጥ ሲያርርብኝ ዝም የምትለው ለካ ለዚህ ነው፣ እኔ ደግሞ ጨዋነትህ መስሎኝ አለች።

ኢንጂነሩ ካወቀ የማሽን ክፍሉን ቁልፍ ይወስድብኛል። ያለ ቁልፍ እኔ ማን ነኝ? ጣሳ ተሸካሚ። ዝም ብልስ? እንቅልፍ የለም።

ቅዳሜ

እትዬ ዘምዘም መጡ። ዓይናቸው አሁንም ደም መስሏል። በሩ ላይ ቆመው እጄን ይጠብቃሉ። አልፈሩም ወይ አልኳቸው።

«አንተ ካሸተትክ ምን ያስፈራኛል፣ ልጄ» አሉ።

እጄ አልተነሳም።

ሄጄ ለኢ/ር ሳሙኤል ነገርኩት። ቁልፉን ተቀበለኝ። ጋዝ የሚጠቁም መሣሪያ እስኪገዛ በድኝ እሱ ራሱ ይፈትሻል። እኔ የግፊት መለኪያ ጌጆቹን አነባለሁ፤ ቁጥር አይጠፋኝም አልኩት፣ እንዲያውም ከእሱ ሳልሻል አልቀርም።

ጠመኔ ተቀብዬ በሩ ላይ ጻፍኩ። ለሰው ብዬ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። «በድኝ ሳይፈተሽ አይገባም።» እትዬ ዘምዘም አንብብልኝ አሉ። አነበብኩላቸው። ያንተ አፍንጫስ አሉ። ጡረታ ወጥቷል አልኳቸው። ቀልድ መሰላቸው። ከበሩ አልተነቃነቁም፣ አሁንም የሚያዩት እጄን ነው።

ኪሴ ከተትኩት።