የሰባቱ መንደሮች መስመር

ውድ ጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? አሁን ከልጅዎ ጋር የሚኖሩበት ቤት ደረጃ ይበዛዋል ሲባል ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኝ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ አሁን በጉልበት ስጀምር እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ዋናውን ነገር ለመጻፍ እስክደፍር እጄን በሆነ ነገር ማፍታታት ነበረብኝ።

የሰባቱ መንደሮች ውሃ በጀት ተፈቀደ። የመጀመሪያው ቱቦ ተቀብሯል። ይህ የምሥራቹ ነው። ቀጥሎ ያለውን ግን ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ።

እርስዎ ከውሃ ቢሮው በወጡበት ዓመት የመንደሮቹን የውሃ መስመር ከበጀት ጥያቄያችን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። የከተማው አሮጌ ቱቦ ብቻ ቢጠየቅ ቶሎ ያልፋል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከቀረቡ ሁለቱም ይወድቃሉ ብዬ ፈራሁ። እናም እርስዎ ስንት ዓመት ተራራ ለተራራ ዞረው የነደፉትን መስመር «ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቆረጥኩት። እንዲያም ሆኖ የከተማው ቱቦ አልተፈቀደም። ቢሮዬ ገብተው «ይሄን ማን አደረገ?» ሲሉኝ ዓይንዎን ሳላይ «ከላይ የመጣ ነው» አልኩዎ።

«ልጄ፣ አንድ ቀን እንኳ ሂጂና መንደሮቹን እዪአቸው» ብለውኝ ወጡ። በዚያው ወደ ዋና ኃላፊው ገብተው ተጣሉ። ጡረታዎ ሁለት ወር ሲቀረው ቁልፍዎን ጠረጴዛ ላይ ጥለው፣ አንድ ሰው እንኳ ሳይሸኝዎ ሄዱ። ምንም ባላጠፋ ሰው ላይ ነበር የጮኹት። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሁሉንም እሰማ ነበር፤ ተነስቼ ያንን በር ማንኳኳት አቃተኝ። እርስዎ ነዎት ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ካርታ ማንበብ ያስተማሩኝ። ከዚያ ወዲህ የስልክ ቁጥርዎን እያወጣሁ ስንቴ እንደመለስኩት!

ባለፈው ዓመት አንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት ሴት ቢሮዬ መጣች። መካከለኛው መንደር ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ነርስ ናት። ከቦርሳዋ ሦስት የተጣጠፉ ደብዳቤዎች አውጥታ ፊቴ ደረደረቻቸው። ሦስቱም «ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል» ይላሉ፤ ሦስቱም ላይ የእኔ ፊርማ አለ።

«እህቴ፣ ልጣላሽ አልመጣሁም፤ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ» አለች። «እኛ ጋ የሚቀጥለው ዓመት ሦስት ጊዜ መጥቶ ሄዷል። እናንተ ጋ መቼ ነው የሚደርሰው?»

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። በማግስቱ መኪና አስወጥቼ አብሬያት ሄድኩ።

ማዋለጃ ክፍሉ ግድግዳ ሥር ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ በፕላስተር የሴት ስም ተጽፏል። ልትወልድ የምትመጣ ሴት ውሃዋን ይዛ ነው የምትመጣው። እዚያው እያለሁ አንዲት ወጣት ምጧ ተፋፍሞባት ደረሰች። አማቷ ከኋላዋ ጀሪካን ተሸክመው ነበር፤ ክዳኑ መንገድ ላይ ወልቆ ግማሹ ፈስሷል። እሳቸው ልጅቷን ትተው «ውሃው ፈሰሰብኝ፣ ይቅር በሉኝ» እያሉ ያለቅሳሉ። ምጥ ላይ ያለችው ናት «እማዬ፣ ግድ የለም፣ ይበቃል» እያለች የምታጽናናቸው! አዋላጇ ኩባያ አስያዘችኝ። «በቀስታ አፍስሺልኝ፤ ለልጁም ይተርፈን» አለችኝ። ጥቂት በጥቂት አፈሰስኩላት። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ደህና ናት። እኔ ግን መኪናው ውስጥ ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ስመለስ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ ደብተሮችዎን ፈለግኩ። ውሃው የሚመጣበት ምንጭ የአሥራ አንድ በጋ ልኬት፣ ቀኑና ሰዓቱ ሳይቀር ተጽፎ አገኘሁ። በርሜል ይዤ ምንጩ ድረስ ወጣሁና እኔም ለካሁ። ሁለት መቶ ሊትሩ በአሥራ ስምንት ሰከንድ ሞላ። እርስዎ በመጨረሻው በጋ የጻፉት አሥራ ሰባት ነው፤ ምንጩ ብዙም አልቀነሰም።

በጀቱን በሚያየው ምክር ቤት ፊት ስንቀርብ፣ ከአባላቱ መጀመሪያ እጁን ያወጣው ባለ ዳቦ ቤቱ ነበር፤ ያ ስብሰባ ሁሉ ላይ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ የሚመጣው።

«ከተማው ውሃ የሚያገኘው በሳምንት ሦስት ቀን ነው» አለ። «እሷኑ ለሰባት መንደር ካካፈላችሁብን እኔ ሊጡን በምራቄ ላቡካ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ተነሳሁ። ከተማውን የሚያስጠማው ምንጩ ሳይሆን የሚያፈስ አሮጌ ቱቦ እንደሆነ፣ እሱ ከተቀየረ ውሃው ለሁሉም እንደሚበቃ አስረዳሁ። ከዚያ፣ ጋሼ፣ ያልተዘጋጀሁበት ነገር ከአፌ ወጣ፦ «ከሦስት ዓመት በፊት ይህን መስመር ሳላይ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በሌላ ሰው አሳብቤያለሁ። አጥፍቻለሁ።» ዋናው ኃላፊ ዞር ብሎ አየኝ።

«ምንጩን ማን ለካው?» አለ ባለ ዳቦ ቤቱ። ማን እንደሆነ ነገርኩት።

«ሽማግሌው? አሥራ አንድ ዓመት?» አለና አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ያ ሰውዬ እኮ ሰላምታ እንኳ አያጋንንም። እሱ ይበቃል ካለ ይበቃል።» እጁን አነሳ። ሌሎቹም ተከተሉት።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ሁሉም በአንዴ አልተሳካም። ዘንድሮ ከከተማው ቱቦ ጋር የሚደርሰው ለአምስቱ መንደሮች ነው። የላይኞቹ ሁለቱ የከርሞ በጀት ላይ ናቸው፤ ግን በእኔ ቃል ሳይሆን ምክር ቤቱ አጽድቆት ነው። እዚያም ራሴ ሄጄ፣ ሰዎቹን ሰብስቤ፣ ለምን እንደዘገየ ነግሬያቸዋለሁ። አንድ አዛውንት ደህና አድርገው ተቆጡኝ። ደስ አለኝ።

ዋናውን ኃላፊም ቢሮው ገብቼ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «ለእሳቸውስ ጻፍሽላቸው?» ብቻ አለኝ። ይኸው ጻፍኩ።

ትናንት ጤና ጣቢያው ደርሼ ነበር። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ አዲስ እጅ መታጠቢያ ተገጥሟል። ከታች ጀምረን ቱቦውን ቀስ በቀስ እየሞላነው ነው። አዋላጇ ቧንቧውን ስትከፍተው እስስስ... ብሎ አየር ብቻ ተነፈሰ። እጇን ከሥሩ ዘርግታ «ስሚው፣ መንገድ ላይ ነው» አለችኝ።

የመጨረሻውን ክፍል ሐሙስ እንሞላዋለን። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ሾፌራችን ዕቃ ሊያመጣ እርስዎ ወዳሉበት ከተማ እየመጣ ነው፤ ረቡዕ ጠዋት ሲመለስ የጋቢናው ወንበር ባዶ ነው። እንደሚመጡ ለማንም አልተናገርኩም፤ ቢቀሩ ማንም አይቀየምዎትም። ከመጡ ግን፣ መጀመሪያ ፊትዎ ቆሜ ይህንኑ ሁሉ በአፌ እነግርዎታለሁ። ከዚያ የውሃውን መክፈቻ እርስዎ ያዞሩታል።

ይቅር ባይሉኝም የምወድዎ፣
ካርታ ማንበብ ያስተማሯት ልጅዎ