ያዘነበለው አፌ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ላውንደሪ ቤት የሸሚዝ ኮሌታ ስተኩስ ዋልኩ። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ባለቤቷ እትዬ አይለቁኝም። እንፋሎቱ መስታወቱን ሲሸፍነው ፊቴ ብዥ ብሎ ታየኝ… ወደ ግራ የወረደው አፌ ሳይታይ። ቆንጆ ነኝ እኮ! መስታወቱ ሲጠራ… ያው እኔ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ህልም። ፊቴን እንደ ሸሚዝ ዘርግቼ ስተኩሰው… አላቃጠለኝም። ደስ የሚል ሙቀት ብቻ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ሐኪም ጋ ሄድኩ። ፊቴ ላይ መስመር አሰመረ። "የማንም ፊት እኩል አይደለም፣ ያንቺ ትንሽ በዛ እንጂ። በቀዶ ጥገና ይስተካከላል። የግድ ግን አይደለም፤ አስቢበት።"

ምኑን ነው የማስበው? ዕድሜ ልኬን ሳስብ ኖሬ! አፌን በእጄ ሸፍኜ መሳቅ ሰልችቶኛል።

ለአባዬ አልነገርኩትም። ጆሮው እምቢ ካለው ወዲህ የሚሰማው በዓይኑ ነው፣ ከንፈሬን እያየ። "የሌላው ያዳግተኛል፤ ያንቺ ግን ጥርት ብሎ ይገባኛል" ይለኛል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

እስቲ ልየው ብዬ የአፌን ጥግ ወደ ላይ ስቤ ከጆሮዬ ሥር በፕላስተር ለጠፍኩት። ፀጉሬን ለቀቅኩበት። ወይኔ… እኩል! የህልሜ ልጅ መስታወቱ ውስጥ ቆማለች።

በዚያው ፊት ሳሎን ገባሁ። "አባዬ፣ ሻይ ላፍላልህ?"

ከንፈሬን ትክ ብሎ አየ። ደገምኩለት። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መልሶ አደረገው።

"ምን አልሽኝ?"

እንደገና ነገርኩት።

"ልጄ… ዓይኔም ሄደ እንዴ?"

ክው አልኩ። ፕላስተሩን ከነፀጉሬ መነጨቅኩት። "ዓይንህ ደህና ነው፣ አባዬ! ደህና ነው! ሻይ ነው ያልኩህ!"

"እህ… ሻይ ነው እንዴ።" ተነፈሰ። "ፊትሽ ምን ሆኖ ነው?"

"ጥርሴን አሞኝ" አልኩት። ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

አባዬ አዲሱን ፊት ይለምደው ይሆናል… እስኪለምደውስ ማን ያወራዋል? ያቺ የህልሜ ልጅ ግን ትናፍቀኛለች። አልዋሽም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ከሐኪሙ ቢሮ ተደወለ። "ቀን እንያዝልሽ?" እኔ በረንዳ ላይ፣ አባዬ ሳሎን፤ መስኮቱ ተዘግቷል። "አይ፣ ትቼዋለሁ። ይቅርታ" ብዬ ዘጋሁ።

ስገባ አባዬ ቀና አለ። "ምኑን ነው የተውሽው?"

በመስኮት! አንተ ሰላይ…

"የጥርስ ሐኪሙን" አልኩት።

"ውሸታም።"

ሳቅኩ። አፌን በእጄ አልሸፈንኩም፤ እያየኝ ነበር።