የልጄ ሕመም ስም አገኘ

ለምወድህ ወንድሜ ለካሳ፤ እንደምን ሰነበትህልኝ? ያ ወገብህ ተወህ ወይ? አሰለፈችስ፣ ልጆቹስ? የሐዋሳው ሙቀት ተስማማችሁ? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን። ደስታውም ንዴቱም አንድ ላይ ተናንቆኝ፣ በስልክ ተቆራርጦ ከሚቀር ብዬ ነው መጻፌ።

የየትናየት ሕመም ስም አገኘ፤ እልል በልልኝ! ቁምጥናም አይደለም፣ ቲቢም አይደለም።

አምና የደረቷ አጥንት አንገቷ ሥር አብጦ፣ መዳፏና ውስጥ እግሯ መግል ቋጥሮ ስትሰቃይ ሰምተሃል። ለአጥንቷ ወጌሻ፣ ለእጇ ጠበል አልን። ከዚያ ደግሞ የአጥንት ቲቢ ነው ተብሎ ስንት ወር መድኃኒት ዋጠች፤ ሆዷን አቃጠላት እንጂ አልፈየደላትም። አጥንቷን ያየ እጇን አላየ፣ እጇን ያየ አጥንቷን አልጠየቀ። ሰው እንደ ቅርጫ ሥጋ በየመደቡ ተከፋፍሎ ይታከማል እንዴ?

የእጮኛዋ የዘመነ አባት ባዬማ አላስቻለውም። ከቅዳሴ መልስ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት «ቁምጥና ካለበት ዘር አንጋባም» ብሎ ጋብቻውን አፈረሰ። ከዚያ ወዲህ በማኅበር እንኳ ጽዋው እሷን ይዘላት ጀመር። ይኸ ስም እኮ ላንተም ልጆች የሚተርፍ ነው!

በመጨረሻ ባሕር ዳር ወሰድኳት። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ለሰላምታ እጇን ስትዘረጋላት የኔዋ መዳፏን አጥፋ አንጓዋን ሰጠቻት። «ምነው፣ ሊጥ ስታቦኪ ነው የመጣሽው?» ብላ ቀለደችና እጇን ገለበጠችው። ሳቋ ጠፋ። ወዲያው ያበጠውን አጥንት ዳሰሰችና «ይኸና ይኸ አንድ በሽታ ሳይሆን አይቀርም» አለች። ራጅ ተነሣች፣ ከአጥንቷም ቅንጣት ወስደው መረመሩ፤ ጀርም የለበትም። ሳፎ ይሉታል፤ የገዛ ሰውነቷ ተቆጥቶ አጥንቱን፣ መገጣጠሚያውንና ቆዳውን የሚያስቆጣው ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ብዙ ሐኪም በዕድሜው አያየውም አለችኝ። ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን ያስታግሠዋል። ይኸው ዛሬ ፀጉሯን ራሷ ታበጥራለች! ያን ቀንማ እዚያው ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እልል ብዬ ዘበኛው ተቆጣኝ።

ባዬ ይኸን ሲሰማ ሽማግሌ ላከ። «ሐኪም ካጠራልን ነገሩ ይቀጥል» አሉን። ካጠራልን! ልጄ ገብስ ናት እንዴ? ባለቤቴ ጥጋቡ አንገቱን ደፍቶ «እሺ እንበላቸው» ሲል፣ የትናየት ከጓዳ ወጣች። «አባቶቼ፣ ስሜ የጠፋው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ጋሽ ባዬ እዚያው ቆመው ይመልሱልኝ። የጋብቻውን ነገር ከዚያ በኋላ አስብበታለሁ» አለቻቸው። አንዱ ሽማግሌ «ሴት ልጅ እንዲህ አትናገርም» ቢል፣ «ሴት ልጅን ቆማጣ ናት ማለትስ ይገባል?» አልኩት። ጠላቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

ትናንት እሑድ ባዬ አልቆመም። ዘመነ ግን ሕዝቡ መሐል ገብቶ «አባቴ የተናገረው ሐሰት ነው፤ እኔም ዝም ማለቴ ነውር ነበር» አለ። እኔ አለቀስኩ። እሷ ግን «ያንተን ሰምቻለሁ፤ የአባትህን እጠብቃለሁ» ብላው ወደ ቤቷ ሄደች። እንግዲህ ታላቅ እኅትህ ነኝና ስማኝ፤ «እርቅ ይሻላል» ብለህ እንዳትጽፍልኝ።

አሰለፈችን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ። ለኪዳን አክስትህ ቁመትህን ጠየቀች በለው፤ ማንአለሽንም ጉንጯን ሳምልኝ። ጥጋቡ እጅ ይነሣል፤ የትናየትም በገዛ እጇ ከታች ስሟን ጽፋላችኋለች።

እኅትህ ሐረገ ወይን
የትናየት ጥጋቡ

ንፋስ መውጫ፣ የካቲት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.