ከሜሮን ባጃጅ ኋላ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 26

ዛሬም መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። ፊት ለፊታችን ያለው ፎቅ ቤት፣ የላይኛው መስኮት። በሩን ከፍቼ ስወጣ ገለጥ ይላል፣ ቀና ብዬ ሳይ ክድን። እጄን ላውለበልብ አልኩና ተውኩት። ምን ቆርጦኝ!

እዚህ ከገባን ወር ሊሞላን ነው። እስካሁን «እንኳን ደህና መጣችሁ» ያለን ሰው የለም። ማራኪ ሰፈር የተከራየን ጊዜ ፍራሻችን ገና ከጋሪ ሳይወርድ ነበር ጎረቤቱ ግቢውን የሞላው፤ አንዷ ዳቦ፣ አንዷ መጥረጊያ፣ አንዷ ወሬ ይዛ። ቧንቧው አንድ ስለነበር የምንጣላውም የምንታረቀውም እዚያው ባልዲ ተራ ላይ ነው። እዚህ ሁሉም የራሱ ታንከር አለው። ማን ከማን ጋር ይጣላል?

ቤቱ የእህቴ የዓለም ነው። ባሏ አዲስ አበባ ሥራ ሲያገኝ «ግቡበትና ጠብቁልኝ፣ ኪራይም አልፈልግ» አለችኝ። ባሌ ዳዊት ስፔሻሊቲ ሊማር ባህር ዳር ከሄደ ወዲህ እኔና ልጃችን ሜሮን ብቻችንን ስለሆንን «አጥር ያለው ቤት ይሻላችኋል» አለ። አጥርስ አለው። አጥሩ ላይ ሽቦ፣ ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ። ድመት እንኳ ዝር አትልም።

ከሥራ ስመለስ እንደ ልማዴ ሰፈሩን በእግሬ ዞርኩት። ሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ ስለምውል ካልተራመድኩ እግሬ ያብጣል። ደግሞ ማየት እወዳለሁ፤ አልዋሽም። የዛሬ ግኝቶች፦

— ጥጃ የሚያህል ውሻ ያለበት አረንጓዴ በር። ውሻው ስሜን ሊያውቅ ምንም አልቀረው።
— በረንዳው ላይ የፋሲልን ግንብ በሲሚንቶ ያሠራ ቤት። እውነተኛው ከታች እየታየው!
— ሰው የሌለበት የሚመስል ቪላ፤ ግን ገመድ ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል።
— በእግሩ የሚሄድ ሰው፦ እኔ ብቻ።

ዘበኞቹን «ይሄ ቤት የማን ነው?» እያልኩ እጠይቃለሁ። አንዱ «ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ምንም አያደርግልኝም። ግን እንዲህ ይባላል እንዴ?

ሌላም ነገር አለ። መታጠፊያው ላይ አሮጌ ነጭ ፒካፕ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ነበር። ውስጡ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ። ሳልፍ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል ስልኩን አነሳ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 27

በዓል ነው፣ ሥራም ትምህርትም የለም። ሜሮንን ይዤ ቁስቋም፣ የጥንቷ እቴጌ ቤተ መንግሥት ወጣሁ። ፍርስራሹን ዞር ዞር ብላ አየችና «እማዬ፣ እቴጌዋ አጥሯ ላይ ሽቦ አልነበራትም?» አለችኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ካሰበች ሰፈሩ ምን እያደረጋት ነው?

ስንመለስ የፊት ለፊቱ ቤት ዘበኛ አያ ቢተው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ከገጠር፣ ከትክል ድንጋይ የመጡ ሰው ናቸው። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገሩኝ።

«ምነው ሁልጊዜ በእግርሽ? ማኪና የለሽም?»

«የለኝም፣ አያ።»

«ባልሽስ?»

«ባህር ዳር ነው።»

«ልጅቱስ ያንቺው ናት?»

«የማን ልትሆን ነው?»

«ኧረ ሸጋ ልጅ ናት! አንቺን አልመስል ብላኝ እንጂ።»

ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ቀጥለው ግን «ከጌትነት ሌላ ከትምህርት ቤት የሚያመጣት ሰው አለ?» አሉ። ጌትነት ሜሮንን የሚያመላልሳት ባጃጅ ነጂ ነው። ስሙን ነግሬያቸው አላውቅም። «ብዙ ሰው አለ፣ አጎቶቿም ይመጣሉ» ብዬ ዋሸሁ። አጎት የላትም።

ቀና ስል መጋረጃው ገለጥ ብሏል።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 28

አየሁት። በዓይኔ በብሌኑ አየሁት።

ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ መታጠፊያው ላይ ቆምኩ። ሌላ ቀን ሜሮንን የምትቀበላት ሠራተኛችን ናት። የጌትነት ባጃጅ ልጆቹን ይዛ መጣች። ከኋላዋ ነጩ ፒካፕ። ሳይቀርብ፣ ሳይርቅ። ባጃጇ ስትቆም ቆመ። ሜሮን ወርዳ ግቢ እስክትገባ ሰውዬው አንገቱን አስግጎ በዓይኑ ተከተላት። ከዚያ ሄደ።

ስልኬን አውጥቼ ታርጋውን አነሳሁ። ተጣድፌ ስለነበር የወጣው ግማሽ ታርጋና ሙሉ አውራ ጣቴ ነው።

ዳዊት ጋ ደወልኩ። «የአንዱ ልጅ አባት ይሆናላ» አለ።

«አባት ከሆነ ልጁን ራሱ አይጭነውም? ምን ከኋላ ያስከትለዋል?»

ከዚያ «ማራኪ የነበረው ቤት ተከራይቷል እንዴ?» አለኝ። እሱም ፈርቷል ማለት ነው።

ሜሮንን በዘዴ ጠየቅኳት። «ከኋላችሁ የሚመጣ መኪና አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ አላውቅም» አለችና እርሳስ መቅረጽ ጀመረች። ያልዶለደመ እርሳስ።

ልጄን አስፈራርተዋታል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 29

ሜሮንን ራሴ አደረስኳት፣ ራሴ መለስኳት። በመሃል ሥራ የምለው ነገር አልሠራሁም። አንዲት እናት መድኃኒቱን እንዴት እንደምትሰጥ ሳልነግራት ሸኝቼ በሩጫ ነው የደረስኩባት።

የምጠረጥራቸው፦

ባለ ኮፍያው። እሱማ ግልጽ ነው።

ጌትነት። ሲነዳ በመስታወት ወደ ኋላ የሚያየው ለምንድን ነው? ሰላም ስለው ለምን ያፍራል?

አያ ቢተው። የልጄን መውጫ መግቢያ ለማን ነው የሚያጣሩት?

መጋረጃዋ። ማን እንደሆነች እንኳ አላውቅም።

ዓለም። ይህን የሚያህል ቤት በነፃ ለምን ሰጠችኝ? ወይ አበሳዬ! የእናቴን ልጅ መጠርጠር ጀመርኩ።

ግን ደወልኩላት። ነጩን ፒካፕ ነገርኳት።

«እንዳትፈሪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ» አለች። «እዚያ ሰፈር አንዲት ልጅ አግተው ነበር። ከአባቷ መኪና ስትወርድ፣ ከበሯ ላይ። ተመልሳለች፣ ደህና ናት።»

«አሁን ነው የምትነግሪኝ? ልጅ ይዤ አስገብተሽኝ?»

ዘጋሁባት። መልሳ ስትደውል አላነሳሁም።

ማንም አያወጣኝም፤ ለሜሮን ያለኋት እኔ ነኝ። ነገ እንደ ሌላው ቀን በባጃጅ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ ከኋላ ከኋላ። ሙሉውን ታርጋና የሰውዬውን ፊት ይዤ ቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 30

ከየት ልጀምር?

ጠዋት ሜሮን እንደወጣች መታጠፊያው ላይ ያዘጋጀሁት ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። «ያንን ነጭ ፒካፕ ተከተልልኝ» አልኩት። ነጂው ዞር ብሎ አየኝና «ባልሽ ነው?» አለ። «ዝም ብለህ ንዳ!»

ቁልቁለቱን ወረድን። ፊት የጌትነት ባጃጅ፣ ቀጥሎ ፒካፑ፣ ቀጥሎ እኛ። ባለ ኮፍያው በመስታወት አየኝ። እንደገና አየኝ። ስልኩን አነሳ። «እየጠራቸው ነው፣ ግብረ አበሮቹን እየጠራ ነው!» እላለሁ። ነጂዬም «አይዞሽ፣ አናመልጠውም» ይላል። እሱ እንኳ አሁንም በሌላ ሴት ጉዳይ መስሎታል።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥበቃዎቹና አንድ ፖሊስ ቆመው ይጠብቃሉ። ተመስገን አልኩ። ፒካፑን አሳልፈው ወደ እኛ መጡ።

«ውረጂ!»

«እኔ? አጋቹ ያውና! እሱን ያዙት!»

ባለ ኮፍያው ወርዶ እየሮጠ መጣ። ጣቱን ቀስሮብኝ «እሷ ናት!» ይላል። «በየበሩ እየዞረች ስታጠና የከረመችው እሷ ናት! አሁን ደግሞ የልጆቹን ባጃጅ ስትከተል ያዝኳት!»

እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ ይጮሃል። መንገደኛው ቆመ። ፖሊሱ የቱን እንደሚይዝ ግራ ገብቶታል። በዚህ መሃል ሜሮን ከባጃጇ ወርዳ ቦርሳዋን እየጎተተች መጣች።

«ጋሼ ሰለሞን፣ እማዬ እኮ ናት!»

ጋሼ ሰለሞን! ስሙን ታውቀዋለች!

ልጄን አየኋት፣ ሰውዬውን አየሁት። ኮፍያውን አውልቆ ላቡን ጠረገ። ለካ የሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ልጁ ናሆም ከሜሮን ጎን ነው የሚቀመጠው። ያቺ ልጅ ከታገተች ወዲህ የሰፈሩ ወላጆች ልጆቻቸውን በራሳቸው መኪና አያመላልሱም። «ጥሩ መኪና ዓይን ይስባል፤ ባጃጅን ማን ልብ ይላል?» አለ። እነሱ ተራ እየገቡ ከኋላ ይጠብቃሉ። ጌትነትም ያውቃል። ይህ ሳምንት የሱ ተራ ነበር።

ፖሊሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እኔን! አጥኚ! እግሬ እንዳያብጥ በተራመድኩ!

ሜሮንን ቤት ስንገባ «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ባጃጅ ትከለክይኛለሽ ብዬ» አለች። «ደግሞ አላናገርኩትም። እጄን ብቻ ነው የማውለበልብለት።»

ቅዳሜ፣ ግንቦት 1

ጠዋት በራችን ፊት ለፊት ጫጫታ ሰምቼ በቀዳዳ አየሁ። ጉልቻ ጎልተው፣ እንጨት ከምረው፣ ትልቅ ድስት ጥደዋል። ለካ ልደታ ናት! ማራኪ ብሆን ትናንት ንፍሮ ስዘፈዝፍ ነበር የማመሸው። በዚህ ሁሉ ጣጣ ጭራሽ ረሳኋት። የጠራኝም የለም።

አልወጣም አልኩ። ይብሉ፣ ይጠጡ፣ ምን አገባኝ። ሜሮን ዓይኗን ቀዳዳው ላይ ለጥፋ «ናሆም ወጥቷል፣ ሁሉም ወጥተዋል» ትላለች። ልቅሶ ነበር የቀራት።

በሩ ተንኳኳ። ነጠላ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ቀጭን አሮጊት። ለአፍታ አላወቅኳቸውም። ቀና ብዬ የላይኛውን መስኮት ሳይ መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል፤ ማንም የለበትም።

«እትዬ ዘነቡ ይሉኛል» አሉኝ። «ያስጠረጠርኩሽ እኔ ነኝ፣ የኔ ልጅ። ባል አላየሁብሽም፣ ማኪና አላየሁብሽም፣ በእግርሽ እየዞርሽ የሰው በር ታያለሽ። ለሰለሞን የነገርኩት እኔ ነኝ።»

ስድቡ አፌ ላይ ነበር። «እኔን እንዲህ ካሰባችሁኝ ልጄን ምን ብላችሁ ጠበቃችኋት?» አልኩ።

«ሰለሞንም እንዳንቺው ጠይቆኛል። ‹እናቲቱን ሳናጣራ ልጅቱን ከኛ ልጆች ጋር እንጠብቅ ወይ?› አለኝ። ‹እናቷ አጋች ብትሆንስ ልጅቱ ምን አደረገች?› አልኩት።»

ስድቤ የት እንደገባ እንጃ።

ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ መስኮታቸው ቀና አሉ። የታገተችው ልጅ የልጃቸው ልጅ ናት። አሁን ወላጆቿ ይዘዋት አዲስ አበባ ገብተዋል። «ያን ዕለት ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ» አሉኝ። «መስኮቱ ላይ አልነበርኩም። ከዚያ ወዲህ አልተነሳሁም። ዛሬ ገና መነሳቴ ነው፤ በይ ነይ አታስቁሚኝ።»

ወጣሁ። ምን ላድርግ? አለቀስኩ፣ ደግሞ አፈርኩ፣ ደግሞ ትንሽ እንደተናደድኩ ነኝ። ከንፍሮው ዘገን አድርገው የሰጡኝ አያ ቢተው ናቸው። «ትናንት ተቆጣች ሲሉ ሰማሁ» አሉኝ። «አሁን አመንኩ፣ ልጅቱ ያንቺው ናት።» ጌትነት ሳቁን መያዝ አልቻለም።

አቶ ሰለሞን መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ይቅርታ አላሉኝም፤ እኔም አላልኳቸውም። «የሚቀጥለው ሳምንት ተራ ያንቺ ነው» አሉ።

«መኪና የለኝም እኮ።»

«እኔ እነዳለሁ፣ አንቺ ታያለሽ። ማየት እንደሆን ታውቂበታለሽ።»

ሲመሽ ዓለም ስትደውል አነሳሁላት።

ሰኞ፣ ግንቦት 3

ጠዋት ከሥራ በፊት ነጩ ፒካፕ ውስጥ ገባሁ። ከውስጥ ሲታይ ተራ መኪና ነው፤ ወንበሩ የተቀደደ፣ የሰሊጥ አቧራ የጠገበ። እትዬ ዘነቡ መስኮቱ ላይ ነበሩ። ዛሬ እጄን አውለበለብኩ። መጋረጃው አልተከደነም።

የጌትነት ባጃጅ ከፊታችን ትዘላለች። ሜሮን በኋላው ላስቲክ መስኮት ዞር ብላ አየችኝና እጇን በሙሉ አወዛወዘች። ያን ሁሉ ቀን ለሰውዬው ስታወዛውዝ ነበር፤ እኔ ፋርማሲ ቆሜ የማላየውን። ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግኩ። አቶ ሰለሞን እንዳላዩ ሆኑ።

አደባባዩ ላይ ስንደርስ ልጇን በእጇ የያዘች ሴት ቆማለች። ባጃጇን አየች። እኛን አየች። እንደገና ባጃጇን አየች። ልጇን ወደ ጉያዋ ሳብ አድርጋ ስልኳን አወጣችና ወደ ታርጋችን ቀሰረችው።

አቶ ሰለሞን ኮፍያቸውን ዝቅ አደረጉ። «አየሻት?»

«አየኋት» አልኩ። «ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ። በደንብ ታንሳው።»