ቁንጫ አትመለስም

ለማከብርዎት አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ግፊትዎስ በአዲሱ መድኃኒት ረጋ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ላውንደሪው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ልብስ ስተኩስ ስለምውል እግሬ ማታ ማታ ያብጣል እንጂ ሌላ የማማርርበት ነገር የለኝም። እማዬስ? ትከሻዋ ተሻላት? ወንድሜ በር መታት ብሎኛል። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ደብዳቤ የሚያነቡላት እርስዎ ስለሆኑ ይህንንም እንደ ልማድዎ ጮክ ብለው ያንብቡላት።

መልእክትዎ ደርሶኛል። የእንጨት መጋዘንዎ ትልቁ ውሻ ስለሞተ ውሻዬን ቁንጫን ልመልስ፣ በሰንሰለት ታስራ መጋዘን ትጠብቅ ብለዋል። ደግሞም አንቺን የምታህል ሴት ከውሻ ጋር ሜዳ ለሜዳ ስትሮጥ ሰው ምን ይላል ብለዋል። በመጪው ቅዳሜ ወንድሜ በጭነት መኪናው መጥቶ እንዲወስዳት አዘዋል። ነገር ሳላሽሞነሙን ልንገርዎት፤ አልሰጥም።

ሲጀመር ቁንጫን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት፤ እሱ መስጠት ከተባለ። አራት ወር ሆኗት ከወንድሞቿ ሁሉ አንሳ ስትቀር፣ ይህቺ ቁንጫ ሌባ ቀርቶ ድመት አታባርርም፣ ወስዳችሁ ጣሉልኝ አሉ። እኔም በሹራቤ ጠቅልዬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ያወጡላትን ስም እንኳ አልቀየርኩም። እልኸኛ ነሽ ይሉኝ የለ፤ በዚያው ስም ትታወቅልኝ ብዬ ነው።

ከምኖርበት ሰፈር ጀርባ፣ ከጋራዡ ቀጥሎ የታጠረ ሜዳ አለ። ውሾች እዚያ መሰናክል መሻገር፣ በሸራ ቱቦ ውስጥ ማለፍ፣ በተተከሉ ዘንጎች መሀል እየተጥመለመሉ መሮጥ ይማራሉ። ባለቤቱም አብሮ እየሮጠ በእጁና በእግሩ መንገዱን ያሳያል። አሰልጣኛችን ጡረታ የወጡ ፖስታ አዳይ ሴትዮ ናቸው። በሥራ ዘመናቸው አምስት ጊዜ በውሻ ተነክሰው ዛሬ ውሻ ያስተምራሉ። ምነው አይፈሩም ወይ ሲባሉ፣ የነከሱኝ ሁሉ ታስረው የሚውሉ ነበሩ ይላሉ።

ቁንጫ ገና ዓመት ስላልሞላትና አጥንቷ ስላልጠነከረ ከፍ ብላ እንድትዘል አይፈቀድላትም። አግዳሚው እንጨት መሬት ላይ ይጋደማል፣ እሷ ትሻገረዋለች፣ እኔ ከኪሴ የተቀቀለ ጉበት ቁራጭ አወጣላታለሁ። ወር ሙሉ የተጋደመ እንጨት ስንሻገር ከረምን። ቱቦው ውስጥ አልገባም ብላ አራት እግሯን ስትተክል ደግሞ፣ እኔው በጉልበቴ ድኼ ገብቼ በሌላው ጫፍ ወጣሁ። ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተቀደደ፤ እሷም ተከትላኝ ወጥታ ፊቴን ላሰችኝ። አዎ፣ አጥሩን ተደግፎ የሚያይ ሰው ጉድ ብሏል። ይበል።

የተቸገርነው በእጅ ምልክቱ ነው። ራቅ ወዳለ መሰናክል ስልካት ቀኝ እጄን ከፍ አድርጌ ወደፊት መዘርጋት አለብኝ። እጄን ባነሳሁ ቁጥር ግን ቁንጫ ጆሮዋን አጥፋ፣ ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ ትቀራለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲያ ሆነ። ጉበቱን ጨመርኩላት፤ ድምፄን አለሰለስኩ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ጮህኩባት። አባባ፣ ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም። ቢሰሙት የማን እንደሆነ አይጠፋዎትም። እሷ ወደ አጥሩ ጥግ ሄዳ ሽንቷን ለቀቀች። እኔም ሰው ሁሉ እያየኝ ሜዳው መሀል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በሳምንቱ ስንለማመድ አሰልጣኛችን በስልካቸው ቀረጹንና አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው አሳዩኝ። ሦስት ጊዜ ደጋግመን አየነው። እጄ ከፍ ሲል መጀመሪያ አንገቷን የምትቀብረው ቁንጫ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ይወጣል፣ ዓይኔ ይጨፈናል፣ የገዛ እጄን እሸሻለሁ። እሷ እኔን አይታ ነው የምትተኛው። ውሻ ከአፍሽ ይልቅ ገላሽን ነው የሚያምነው፣ ገላሽ ደግሞ አደጋ መጣ እያላት ነው አሉኝ። ከዚያ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና፣

«ውሻዋን ለጊዜው ተያት። አንቺን ማን ነው የመታሽ?» አሉ።

በር ነው አልኳቸው። በቤታችን የሚባለው እሱ ስለሆነ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነበር። ሴትዮዋ ሠላሳ ዓመት በየሰዉ በር ፖስታ ሲያድሉ የኖሩ ናቸው። እጄን ያዙኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት መስታወት ፊት ቆሜ እጄን ማንሳት ተለማመድኩ። ማንሳት ብቻ፤ አንገት ሳልሰብር፣ ዓይን ሳልጨፍን። በየቀኑ ሃምሳ ጊዜ። ላውንደሪ ውስጥም ካውያው እስኪግል ስሠራው ያዩኝ ባልደረቦቼ፣ ታክሲ ቆመልሽ ወይ እያሉ ይስቁብኛል። ከት ብዬ አብሬያቸው እስቃለሁ። በዚህ ዕድሜዬ እጅ ማንሳት የምማር እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ባለፈው ቅዳሜ እጄን አነሳሁ። ትከሻዬ ከቦታው አልተነቃነቀም። ቁንጫ ቀና ብላ አየችኝ፣ ትንሽ አሰበች መሰለኝ፣ ከዚያ ተፈተለከች። እንጨቱን ተሻገረች፣ ቱቦው ውስጥ ገብታ ወጣች፣ ዘንጎቹን ጨርሳ ምላሷን አውጥታ እየሮጠች ወደተዘረጋው እጄ መጣች። ከእጄ አልሸሸችም አባባ፤ ወደ እጄ መጣች። የተሰማኝን ደስታ ለእርስዎ እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም። ከዚህ በኋላ ይህቺን ውሻ አስሬ ለማንም አላስረክብም። እረግምሻለሁ ካሉም እርግማኑን ተቀብዬ ከሷ ጋር እሮጣለሁ።

ወንድሜ ቅዳሜ መኪናውን ይዞ ይምጣ፤ አልከለከልኩም። ሰንሰለቱን ግን አያምጣ። እርስዎም አንድ ቀን ሜዳው ድረስ መጥተው ማየት ከፈለጉ፣ ከአጥሩ ውጭ ወንበር አስቀምጥልዎታለሁ። እስክንጨርስ ድረስ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉልኝ፤ ሌላ የምጠይቅዎት ነገር የለኝም።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትዎን ብርድ እንዳያገኘው፣ መድኃኒቱንም እንዳይዘነጉ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ወንድሜ ግልባጩን በኪሱ ይዟል። ንባቡ እስኪያልቅ አጠገባችሁ ይቀመጣል፤ አንዲት መስመር ብትዘለል እሱ ያነባታል። የመጨረሻዋ መስመር የእማዬ ናት።

እማዬ፣ በመኪናው ጋቢና ውስጥ ለአንቺ ቦታ አለ፣ ሁለተኛውም አልጋ ተነጥፏል፤ ቤቴ አንድ በር ብቻ ነው ያለው፣ እሱም እስከ ዛሬ ማንንም መትቶ አያውቅም።

የሁለታችሁ ልጅ