ገዳዩ አትክልተኛው ነው

ጂንካ፣ ጥቅምት 1995 ዓ.ም.

ውድ ተገኝ፣

የኦሞራቴ ሙቀትና ትንኝ አሁንም አልጨረሱህም? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ የጂንካም ጭቃ እንደ ድሮው ነው። ሰላምታውን እዚህ ላይ ላቁመው፤ ተናድጄ ልፈነዳ ነው። ፊልሙን አየሁት! ያንን ፊልም! እስከ መጨረሻው!

ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ቤኪ ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «የሺ! ያ ሳያልቅ የቀረብን የግድያ ፊልም ተመልሶ መጣልሽ!» ብሎ ጮኸ። የያዝኩትን ጎመን እንኳ ቤት ሳላደርስ ዘው አልኩ። የካሴቱ ሽፋን ላይ ያገኘው ሽልማት ተደርድሯል። ከአርባ ምንጭ የመጣ ሁሉ «እንዲህ ያለ ፊልም አልተሠራም» እያለ ሁለት ዓመት ሲያስጎመጀኝ ኖሯል። ከሁሉ ቀድሜ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

ያን ጊዜ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመህ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በአሪኛ ትተረጉምልን ነበር። የድሮ ዘመን ሠረገላ፣ በሻማ የሚበራ ትልቅ ቤት፣ መርዝ ጠጥቶ ወንበሩ ላይ ድርቅ ያለው ጌታ! ቤቱ በክርክር ተናወጠ። እኔ «ሐኪሙ ነው» አልኩ፤ አንተ «አትክልተኛው ነው» አልክ። በዚያው ሳምንት «ላግባሽ» ብለኸኝ መልስ አልሰጠሁህም ነበር። ጠጋ ብለህ «መልሴስ?» ስትለኝ አፍሬ «ገዳዩ አትክልተኛው ከሆነ ሽማግሌ ላክ» አልኩህ። ቀልዴን እኮ ነው! ይኼኔ ጄኔሬተሩ ተንተፋተፈና ቀጥ አለ።

ወይ ጩኸት! ቤኪ ላብ በላብ ሆኖ ጄኔሬተሩን ሲታገል አንተ በጨለማው ውስጥ «ቀሪውን እኔ እነግራችኋለሁ» አልክ። ጌታው የአትክልተኛውን ወንድም አስገድሎ ኖሮ፣ አትክልተኛው ደሙን ተበቀለ። ጉድ ነው ብለን ስንጨርስ፣ አገር የሚያስታርቁት አቶ አንጁሎ ከኋላ ወንበር «እሺ፣ እርቁስ?» ብለው ጠየቁ። ሌላ ሰው ቢሆን «አባቴ፣ ፊልም እኮ ነው» ይላቸው ነበር። አንተ ግን የፈረንጅ ሽማግሌዎችን ሰብስበህ ዛፍ ሥር አስቀመጥክ! በሬ አሳረድክ። አትክልተኛው የሟችን እናት እግር ያዘ፤ እሷም አልቅሳ አልቅሳ «ተነስ፣ ልጄ» አለችው። ሰው እንባውን እየጠረገ፣ እያጨበጨበ ወጣ። እኔም እንደዚያው።

በማግስቱ ካሴቱ ወደ አርባ ምንጭ ተመለሰ። አንተ ደግሞ «መጨረሻውን ከራሴ ነው ያወራሁት፤ እውነተኛው ሳይታወቅ ሽማግሌ ብልክ ማጭበርበር ነው» ብለህ ድርቅ አልክ። ግትር! ከዚያ መሥሪያ ቤትህ ኦሞራቴ መደበህ። በደብዳቤህ ሁሉ ስለ ወንዙና ስለ ዓሣው ትጽፋለህ እንጂ ስለዚያ ነገር ትንፍሽ አትልም። አባቴ «ለመሆኑ ማንን ነው የምትጠብቂው?» ሲለኝ «አትክልተኛ» ልበለው?

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። አሁን የሚተረጉመው ኤልያብ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ችግሩ ያሉትን ብቻ ነው የሚናገረው! መብራቱም አልከዳንም። ገዳዩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የሟቹ መንታ ወንድም! ከመጀመሪያ ጀምሮ አይተነው የማናውቀው ሰውዬ ከጓዳ ብቅ ብሎ «እኔ ነኝ» አለ። ፖሊስ በሠረገላ ጭኖት ሄደ፤ አለቀ። እናትየዋ ደጃፉ ላይ ብቻዋን ቆማ ቀረች፤ አይዞሽ የሚላት እንኳ የለም።

«በቃ? ይኼው ነው?» ብዬ ጮኽኩ።

አቶ አንጁሎ ተነስተው «ይኼ ተቆርጦ የመጣ ነው፤ ሙሉው የተገኝ ነው» አሉ። ቤቱ በሙሉ «እውነት ነው!» ብሎ አጨበጨበ። ምስኪን ኤልያብ እሱ የሠራው ይመስል «ይቅርታ» ብሎ አንገቱን ደፋ። ሳቄን ማቆም አቃተኝ።

መንገድ ላይ ግን የተባባልነው ትዝ አለኝ። በፊልሙ ከሄድን እኮ ተሸንፈሃል፤ ሽማግሌም አይመጣም። ከዚያ ቆም አልኩና፣ ከመቼ ወዲህ ነው የፈረንጅ ፊልም ለእኔ ባል የሚመርጥልኝ አልኩ። የኔ ልብ የቆረጠው ያኔ በጨለማው ውስጥ ነው፤ የማታውቃትን ሴት ብቻዋን ደጃፍ ላይ አልተዋትም ስትል። እወድሃለሁ፣ ተገኝ። ይኼው አልኩት!

ለአቶ አንጁሎ ሁሉን ነግሬያቸዋለሁ። ስቀው ስቀው «ተገኝ ብቻ ይላከኝ እንጂ ሽማግሌዎቹን እኔ እመራለሁ» አሉ። ደብዳቤውን የአይሱዙው ሾፌር ሚልክያስ ያደርስልሃል። እሱ ጭነቱን እስኪያራግፍ መልስህን ጽፈህ ጨርስ።

እኔ እንደሆነ ፍርዴን ሰጥቻለሁ፤ ገዳዩ አትክልተኛው ነው። ሽማግሌ ላክ።

ያንተዋ የሺሀረግ