በፊልም የማይሞተው የአባዬ ተዋናይ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8፣ ዋሊሰለን፣ ስዊዘርላንድ

አባዬ ስለዚያ የድሮ የህንድ ተዋናይ ሲያወራ አብሮት ያደገ ነው የሚመስለው። ባዶ እጁን ቦምቤይ እንደገባ፣ ስንት ዓመት እንደተንከራተተ፣ በየትኛው ፊልም እንደታወቀ፣ ሁሉን ያውቃል። "በአንድም ፊልም ሞቶ አያውቅም!" ይላል። እኔ ግን ፈልጌ አየሁ፤ ሰውዬው በግማሾቹ ፊልሞቹ መጨረሻ ላይ ይሞታል።

ዛሬ ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ጀማል ከጄኔቫ መጡ። ኩሽና ውስጥ ነገሩን ስጠይቃቸው ሳቁ።

"ልጆች ሆነን ደሴ ሲኒማ ቤት ይዤው ስገባ፣ ሰውዬው ሊሞት ሲል 'አባባ ሳይመጡብን እንሂድ' ብዬ አስወጣው ነበር። ቢያይ ሳምንት ሙሉ ነው የሚያለቅሰው። እንዳትነግሪው!"

ተንኮሌ መች ያስቀምጠኛል! ከምሳ በኋላ አንዱን ፊልም ከፈትኩለት። ጀግናው ላይ ሽጉጥ ሲደገን ጋሼ ጀማል ብድግ አሉ።

"ተነስ ሰይዶ! ነገ እሁድ ሁሉም ዝግ ነው፣ ዛሬ ሱቅ ሳይዘጋ እንሂድ!"

ጢሙ የሸበተው አባቴ ጃኬቱን አንስቶ እንደ ሕፃን ተከተላቸው።

ብቻዬን ጨረስኩት። ሞተ። ትንሽ አለቀስኩ፤ ይህን ለማንም አልናገርም።

ሲመለሱ አባዬ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ "እንዴት አለቀ?" አለኝ። ጋሼ ጀማል ከኋላው ቆመው አፈጠጡብኝ።

"አገባት" አልኩት።

"አላልኩሽም!" ብሎ እያፏጨ ገባ።